ግማሽ አቡነ ዘበሰማያት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ሚኒያፖሊስ በሚገኘው ሙዚየማችን ምድር ቤት ውስጥ ኬክ ቆረሱልኝ። ኬኩ ላይ በክሬም መዶሻ ሥለውበታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ መዶሻ ያነሣሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የእኔ እንጀራ ጥጥና ብሩሽ ነበር። ደግሞ ስኳር እንዳለብኝ እያወቁ ያን የሚያህል ኬክ! ቢሆንም በላሁት። ልክ ከራሳችን በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ስሜ ከአንድ የተበላሸ ሥዕል አጠገብ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ ተሰቅሏል። ሁሉም አንብበውታል። የሚኒሶታ ሰው ደግ ነው፤ የሚያሳፍርህን ነገር ካወቀ ስለ በረዶው ያወራልሃል። እኔም ስለ በረዶው አወራሁና ባጄን መልሼ ወጣሁ። ፎቅ ላይ የተጻፈው ሁለት መስመር ነው፤ ሙሉውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን፣ የኤግዚቢሽን ክፍል በምንለው መሥሪያ ቤት ነው። የተቀጠርኩት የማሸጊያ ሣጥን እንድሠራ ነበር፤ የእንጨት ሥራ ከአጎቴ ተምሬያለሁ። ቅጥሬ ጊዜያዊ ነበር፣ ደመወዜም እንደ ቅጥሬ። ያ መንግሥት ሥዕል ይወድ ነበር ብል ዛሬ የሚያምነኝ የለም። ይወድ ነበር። ሠዓሊውን ያስረዋል እንጂ ሥዕሉን አይጠላውም። የመሳፍንቱ ቤት ሲወረስ፣ ከአልጋና ከምንጣፍ ቀድሞ መኪና ላይ የሚጫነው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነበር። የቤተ መንግሥቱም፣ የሀብታሙም፣ የገዳሙም እየተጫነ እኛ መጋዘን ይገባል። ለአብዮቱ በዓል ይወጣና አዳራሽ ይሰቀላል፤ ሕዝቡም የራስህን ንብረት ና እይ ይባላል። የራሱን ንብረት ለማየት በቀበሌ ተጠርቶ፣ ተሰልፎ ይመጣል፤ የቀረ ስሙ ይያዛል። በዓሉ ሲያልፍ ይቆለፍበታል። ለምን እንዲህ እንደሚንሰፈሰፉለት ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰው የሚሰግድለትን ነገር በእጁ ያስገባ ሰው ስግደቱም አብሮ የሚመጣለት ይመስለዋል።

ከሣጥን ሥራ ያወጡኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ከሰማያዊ ቱታቸው ሥር ዘወትር ክራባት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። ሥዕል የተማሩት ከአባታቸው ነው፣ በቤተ ክርስቲያን። የተጎዳ ሥዕል በማከም ግን ከሳቸው የሚስተካከል በመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ፎጣ አይነኩም፤ ቆመው በነፋስ ያደርቁታል። ሥዕል ሲመጣላቸው ፊቱን ከማየታቸው በፊት ዞረው ጀርባውን ያያሉ። ፊቱ ለመጣው ሁሉ ይናገራል፣ ጀርባው ሐኪሙን ይጠብቃል ይሉ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ጥጥ አይጠፋም። የስምንት ዓመት ልጃቸው ስንዱ ምሳ ይዛላቸው ስትመጣ፣ ከረሜላ ፍለጋ እጇን ኪሳቸው ውስጥ እየከተተች ጥጥ ታወጣና ታኮርፋለች። እሳቸው ይስቃሉ፤ ከረሜላው ሁልጊዜ በሌላው ኪስ ነበር።

ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር ቀለምን መፈተን ነው። ማንኛውንም ሥዕል በውሃ ከማራስህ በፊት ቀለሙ ውሃ መፍራት አለመፍራቱን ማወቅ አለብህ። ትንሽ ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ይነክራሉ፣ ይጨምቃሉ፣ የቀለሙ ጥግ ላይ ያሳርፉና ሳይጫኑ በጣታቸው ይይዙታል። ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ይጀምራል። አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ በዝግታ፣ እስከ ለዓለመ ዓለም አሜን። ሲጨርሱ ጥጡን አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዞሩታል። ነጭ ከሆነ ቀለሙ ውሃ ይችላል። ከቆሸሸ አይችልም። እናቶቻችን እንቁላል ሲቀቅሉ የሚቆጥሩበት መለኪያ እኮ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። እጃቸው ላይ ግን ሰዓት ነበረ፤ ለምን በሱ አይለኩም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰዓት ስታይ ዐይንህ ከጥጡ ይነሣል» አሉኝ። «ይሄኛው ደግሞ አንተ ካልቆረጥከው አይጎድልም።»

እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ውስጥ ስሜ አለ። በፍልስፍናው ማመን አላምንም፣ መፍራት ግን እፈራለሁ፤ ያን ጊዜ የተለመደው ሃይማኖት እሱ ነበር። ትምጻእ መንግሥትከ እያለ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው በማን ዐይን እንደሚገባ አይታወቅም። ስለዚህ እስከ ሃያ ልቆጥር ሞከርኩ። ጋሽ ደምሴ አንድ ቀን ቆመው አዩኝና፣ የአንተ ሃያ ይሮጣል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይሮጥ ነበር። ተመልሼ ጸሎቱን ደገምኩ።

በአንዱ የበዓል ዓመት፣ ከአዲስ አበባ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ያለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይምጣ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ሥዕሉ ዐሥሩ ደናግል ነው፤ መብራት ይዘው ሙሽራውን የሚጠብቁት፣ አምስቱ ልባሞች፣ አምስቱ ሰነፎች። የክፍላችን ካድሬ ጓድ መርሻ ፎቶግራፉን አይቶ ነው የመረጠው። ችቦ ይዘው የተሰለፉ ሴቶች ታይተውታል። የጭቁን ሴቶች ሰልፍ የሚል ስምም አወጣለት። ጋሽ ደምሴ፣ ዘይት ያለቀባቸውን አምስቱን ምን እንበላቸው ብለው ጠየቁት። አድኃሪያን ናቸዋ፣ አለ፣ ፈገግም ሳይል። መኪናው ውስጥ ሁለታችን እርስ በርስ ላለመተያየት መንገዱን ሁሉ በመስኮት ስናይ ሄድን።

ደብሩ ስንደርስ ሰዉ በሩ ላይ ቆሟል። ገበዙ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙት ሽማግሌ፣ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ወታደሮቹን አዩ፣ ከዚያ የጋሽ ደምሴን ክራባት አዩ። «እንድትወስዱት አልፈቅድም፣ እንድትተዉት ማድረግም አልችልም» አሉ። «እንግዲያው ሳታቆስሉት ውሰዱት።» ጋሽ ደምሴም እጅ ነሥተው፣ አላቆስለውም አባቴ ብለው ቃል ገቡ። ያ ቃል ነው በእኔ እጅ የፈረሰው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ አይሣልም። አቡጀዲ ላይ ተሥሎ ነው ጭቃው ላይ የሚለጠፈው። ለማንሣት ከላዩ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለህ፣ ማጣበቂያው እስኪለሰልስ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ በቀጭን ቢላ ከጥግ ጀምረህ ትልጠዋለህ። ቀለሙ ውሃ የሚፈራ ከሆነ ግን እርጥብ ነገር አይጠጋውም፤ ሳምንት ይፍጅ ዓመት በደረቁ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጋሽ ደምሴ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ፈተኑ። ቀሚሶቹ ደህና፣ መብራቶቹ ደህና፣ ሰባቱ ፊቶች ደህና። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማሸጊያ የሚሆን ንጹሕ ጨርቅ ፍለጋ ወደ መንደሩ ሲወርዱ፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ፊቶች አሳዩኝ። ሌላ እጅ ገብቶባቸዋል፣ በኋላ ዘመን የታደሱ ናቸው፣ አንተ ፈትናቸው፣ ሙሉውን ጠብቅ አሉኝና ሄዱ።

ጥጡን ነክሬ ከመጀመሪያዋ አንገት ሥር አሳረፍኩ። መድገም ጀመርኩ። ጓድ መርሻ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ከጎኔ ቆመ። በዓሉ ደርሷል፣ ቸኩሏል፣ እሱም ከበላዩ ያለውን ይፈራል። ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ከንፈሬ አቀረበ።

«ምንድነው የምታነበንበው?»

«ምንም፣ ጓድ። እየቆጠርኩ ነው።»

«ስንት ደረስክ?»

«ጨረስኩ» አልኩት።

ጥጡን አነሣሁት። ነጭ ነበር። በዚያች ቅጽበት እውነትም ነጭ ነበር፣ ለዚህ መማል እችላለሁ። ሌሎቹን ሁለቱን አልፈተንኩም፤ አንድ እጅ የሠራቸው ናቸው ብዬ። እርጥቡን ጨርቅ ሦስቱ ላይ አለበስኩ። ማጣበቂያው እስኪለሰልስ ጠበቅኩና ጨርቁን ከጥግ ገለጥኩት። ፊቶቹ ከጨርቁ ጋር መጡ። ዐይንና ቅንድባቸው ሳይቀር ጨርቁ ላይ ነበር፣ የፈሰሰ፣ የተንሸራተተ። ግድግዳው ላይ የቀሩት ሦስት ሻሾች ናቸው፣ ውስጣቸው ባዶ።

ጋሽ ደምሴ ሲመለሱ ገበዙ በር ላይ ተቀምጠው፣ ጓድ መርሻ እየተንጎራደደ፣ እኔ ጨርቁን እንደያዝኩ ነበርኩ። መጀመሪያ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ወለሉ ላይ የጣልኩትን ጥጥ አነሡ፣ አገላብጠው አዩት። ጓድ መርሻ ማን ነው ይሄን ያደረገው ብሎ ጠየቀ። ሳበላሽ በዐይኑ አይቶኛል እኮ! የሚፈልገው ግን የሣጥን ሠሪ ስም አልነበረም፤ ከላይ ሲጠየቅ የሚበቃ ስም ነው የፈለገው። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። እንድናገር ጊዜ ሰጡኝ፤ ብዙ ጊዜ ሰጡኝ። ወለሉን አየሁ።

«የሥራው ኃላፊ እኔ ነኝ» አሉ።

አዲስ አበባ ስንገባ መሥሪያ ቤት ሳይደርሱ ወሰዷቸው። በማግስቱ ጓድ መርሻ ከሥዕሉ ጋር የሚሰፋ የካርድ ወረቀት ሰጠኝ፤ ባለሙያው በቸልተኝነትና ለአብዮቱ ባለው ጥላቻ የሕዝብ ቅርስ አበላሽቷል፣ እኔም አይቻለሁ የሚል። ከታች ምስክር የሚል መስመር ነበረ። ፈረምኩ። እጄን የያዘኝ የለም፣ ሽጉጥ ያወጣብኝ የለም። እንዲያውም ብዕሩ የእኔ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ እስር ቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ስለ ወረቀቱ ያወቁ እንደሆነ አላውቅም፤ አላነሡትም። ክራባታቸውን ወስደውባቸው አንገታቸው የሌላ ሰው መስሎ ነበር። ቤተሰባቸው ደህና እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፖሊሱ እንዳይሰማ።

«ሙሉውን ደግመኸው ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ሙሉውን።»

«እንግዲያው መለኪያዬ ስህተት ነበር ማለት ነው» አሉ። «ስንቱን ሥዕል በሱ ነካሁት።»

አየህ፣ እስራቱን ሌላ ሰው ነው የፈረደባቸው። ይሄንን የፈረድኩባቸው እኔ ነኝ። ሙያቸውን ነው የቀማኋቸው፣ እዚያው ፊታቸው ቆሜ፣ አንድ አዎ ብዬ።

ሦስቱን ፊቶች እንድሥል የታዘዝኩት እኔው ነበርኩ። ሠዓሊ አይደለሁም ብል ማን ሊሰማኝ። ጓድ መርሻ ፊታቸው ቆራጥ ይሁን አለኝ፤ ሦስት የተቆጡ ሴቶች ሠራሁ፣ ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች የሚመስሉ። አዳራሹ ውስጥ ተሰቀሉ፣ ሕዝቡ ተሰልፎ አያቸው። በዓሉ እንዳለፈ ደግሞ ያ ሁሉ መከራ የታየለት የሕዝብ ቅርስ ተጠቅልሎ ከምሥራቅ አውሮፓ ለመጣ ወዳጅ እንግዳ በስጦታ ተሰጠ። ገበዙን አስብ ነበር፤ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ። ጋሽ ደምሴ በስምንተኛው ወር ተፈቱ፣ ሥራ ግን አልተመለሱም። ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአገር ውጭ ሆኜ ነው። ከኤግዚቢሽን ሣጥኖች ጋር ወደ አንዱ ወዳጅ አገር ተልኬ በዚያው ቀርቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባሳጥረው ይሻላል፤ የስደት ታሪክ ሁሉም ቤት አለ። ሚኒሶታ ገባሁ፣ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ፣ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ የቱርክ ዶሮ ፋብሪካ ሠራሁ፣ ከዚያ ሙዚየሙ ሣጥን ሠሪ ይፈልጋል ሲሉኝ አመለከትኩ። እንደገና ሣጥን። በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ሥዕል ጥገናው ክፍል አሳለፉኝ። እዚያ ሰዉ ሁሉ በሰዓት ነው የሚለካው፣ እኔ ግን ጥጥ በያዝኩ ቁጥር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ምን እያልክ ነው ሲሉኝ እየቆጠርኩ ነው እላለሁ፤ ያችው ውሸት ተከትላኝ መጣች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ስልክ ይጩህ፣ አለቃ ይቁም፣ የእሳት ደወል ይደወል፣ እስከ አሜን። በእጄ አንድ ቀለም አልተነሣም። ጥንቃቄውን ያደንቁልኛል፣ የማን እንደሆነ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስንዱ በዲቪ የመጣች ጊዜ ሴንት ፖል ያለው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ነው የተገናኘነው። ስሟን ከነአባቷ ስትነግረኝ፣ ከሳቸው ጋር እሠራ እንደነበር ብቻ ነገርኳት። እሷ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ የአባቴን ሰው አገኘሁ ብላ አለቀሰች። መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ ኢገን ባለው ሰፊ ፓርኪንግ ውስጥ ድራይቭ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጇ ሃና የተወለደች ቀን በበረዶ ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ። ነርሲንግ ሆም፣ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት፣ ለማታ ሥራ ስትገባ ሕፃኗን የያዝኩ እኔ ነኝ። ጋሼ ነው የምትለኝ፣ አንተ እያለች፣ እንደ ወንድም። ስለ አባቷ ስትናገር ግን አንገቷን ትደፋ ነበር። «አባዬ ሥራው ላይ ተሳሳተ፣ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም» ነው የምትለው፣ ከዚያ አትጨምርም። ሃያ ዓመት ያን አንገት እያየሁ እራቷን በላሁ። ልንገራት እላለሁ፣ ሰኞ ይሁን እላለሁ፣ ሰኞው ይመጣል ይሄዳል።

የመጨረሻው ሥራዬ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። አምባገነን መንግሥታት ሥዕል እንዴት እንደሚሰበስቡና እንደሚያሳዩ፣ ከብዙ አገር የተለቀመ። ከአውሮፓ ሙዚየም ከሚመጡት ዕቃዎች አንዱ የኢትዮጵያ ነው ሲሉኝ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ፣ ደስ ብሎኝ ለስንዱ ደወልኩላት። የአገራችን ሥዕል ይመጣል፣ ከሃና ጋር የመክፈቻው ቀን እንድትመጪ አልኳት። በገዛ አፌ ጠራኋት።

ሣጥኑን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው፤ እንደተማርኩት። አቡጀዲው ላይ የደረቀ ጭቃ፣ ጭድ አለበት። ጭዱን ሳየው አወቅኩት። ገለበጥኩት፤ ሦስቱ የተቆጡ ሴቶቼ አፍጥጠው አዩኝ። ጥጉ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ካርድ አርባ ዓመት ገደማ ተሰፍቶ ኖሯል፣ በታይፕ የተጻፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ምነው ሚኒሶታ ድረስ መምጣቱ!

የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ሊንዳ የምትባል ጠንቃቃ ሴት ናት። ካርዱን ስታይ ዐይኗ በራ። ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን መንግሥቱ በሥዕሉ ላይ የጻፈውንም ማሳየት ትፈልጋለች፤ ከነካርዱ ይሰቀላል አለች። ተርጉምልኝ ብላ ሰጠችኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ፊቶች በባለሙያው በደምሴ ቸልተኝነትና ጥላቻ ተበላሹ ይላል፣ ከነአባታቸው ስም። ከሥር፣ ምስክር፣ የእኔ ስም፣ የእኔ ፊርማ።

ሦስት ቀን ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በቅርስ ምዝገባ ቁጥር የተሞላ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ክሩን መበጠስና ጠፋ ማለት እችል ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሚስማር ያልጠፋበትን ሰው ማን ይጠረጥራል? ሁሉንም አስቤዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን እንደ ካርዱ ብተረጉመው ጋሽ ደምሴ ሁለተኛ ይፈረድባቸዋል፣ በሁለት ቋንቋ፣ በልጅ ልጃቸው ፊት። ብደብቀው ደግሞ መለኪያቸው ስህተት እንደሆነ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ቃል በቃል ተረጎምኩና ለሊንዳ ሰጠኋት። ስታነብ ምስክሩ ላይ ደረሰችና ቀና አለች፤ እንዳንተው ስም ነው አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ወረቀቱ ሐሰት ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ከጎኑ ይጻፍልኝ አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ በረዶው አላወራችም፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

ግድግዳ ላይ ከማንበቧ በፊት ስንዱ ከእኔ መስማት ነበረባት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኢገን ቤቷ ሄድኩ። ሃና ላፕቶፗን ከፍታ ሳሎን ተቀምጣለች። ምሳ ልታቀርብ ስትል ተቀመጪ አልኳት። ጥጡን፣ ጓድ መርሻን፣ ጨረስኩ ያልኩትን፣ ፊርማውን፣ እስር ቤት የመለስኩላቸውን አዎ፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እየጮኽኩ መሆኑን አውቄ ነው የተናገርኩት። ሃና በእንግሊዝኛ ምን ሆናችሁ አለች።

«አባዬ እስኪሞት አልጋው ላይ ሆኖ ጥጥ ይነክር ነበር» አለች ስንዱ። «የእማዬን ነጠላ ጥለት ይፈትናል፣ የጋዜጣ ፎቶ ይፈትናል፣ የእኔን የትምህርት ቤት ሥዕል ይፈትናል። አቡነ ዘበሰማያት ይደግምና ጥጡን ያያል። ሁለት ይደግማል፣ ሦስት ይደግማል። ያለቅሳል። ሰው ሲመጣ በር እንዘጋበት ነበር። ያበደ መስሎን ነበር።»

የምን ይቅርታ ነው የምጠይቃት፣ ስለ የትኛው?

ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ። «ካርዱን እንዳያነሡት፣ አቶ ታፈሰ» አለችኝ። «የሱም ስም ይኑር፣ የእርስዎም።»

እርስዎ የሚለውን ሃያ ዓመት ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ብዙ ተቀመጥኩ።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የዕለቱ የሥራ ሰንጠረዥ ላይ ስሜ ባይኖርም ልብስ ቀይሬ፣ ክራባት አስሬ ሄድኩ። ሥዕሉ ጥሩ ብርሃን አግኝቶ ነበር። ካርዱ ከነክሩ ከጎኑ አለ። ከሥሩ የሊንዳ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ የእኔ አማርኛ፤ እነዚህን ሦስት ፊቶች ያጠፋሁት እኔ ታፈሰ ነኝ፣ አቶ ደምሴ በቦታው አልነበሩም፣ መለኪያቸው ትክክል ነበር። ስንዱ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። መጣች፣ ከሃና ጋር። ለሃና ዝቅ ባለ ድምፅ እያነበበች ይሄ አያትሽ ነው አለቻት፣ ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ። ከዚያ ወደ ቆምኩበት ዞረች።

«ሙሉው ምን ያህል ይፈጃል?» አለችኝ።

በሰዓት ለክቼው አላውቅም። ልድገምልሽ አልኳት። ሃና ስልኳን አወጣች። እሳቸው በሚሉት አካሄድ፣ በዝግታ፣ ድምፄን አውጥቼ ጀመርኩ። ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ላይ ስደርስ ስንዱ እጇን አነሣች።

«እዚህ ላይ ነው ያቆሙት?»

«አዎ።»

«ይቀጥሉ» አለችና ለልጇ፣ «ከዚህ ጀምረሽ ያዢ» አለቻት።

ቀጠልኩ። ሀበነ ዮም። ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ። አልቸኮልኩም። እስከ ለዓለመ ዓለም አሜን ደረስኩ። ሃና ስልኩን ለእናቷ አሳየቻት። ሃያ ሁለት ሰከንድ ይላል።

ስንዱ ቁጥሩን አየችው። ከዚያ ሦስቱን ፊቶች አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ይቺን ታህል?» አለች።

ኮቷን ቆለፈችና ከልጇ ጋር ደረጃውን ወረደች። እኔ ከሥዕሉ አጠገብ ሙዚየሙ እስኪዘጋ ቆየሁ።